ከእንቁራሪት እስከ በግ ልብ፦ የባዮሎጂ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከባዮሎጂ ክፍል የመጡ ናቸው። ተማሪዎቹ የጀርባ አጥንት ስላላቸው እንስሳት እየተማሩ ነው መሰለኝ። ወላጆችና አንድ መምህርም ጽፈውልኛል። በቅደም ተከተል ልመልስ።

የዳንግላ ተማሪ፦ «እባብ እንደ ገመድ ይጠቀለላል። ታዲያ እንዴት የጀርባ አጥንት ካላቸው ጋር ይመደባል?»

የሚጠቀለለው አጥንት አጥቶ ሳይሆን አጥንቱ በጣም ብዙ ስለሆነ ነው። የእባብ አከርካሪ እንደ ዝርያው ከ200 እስከ 400 በሚደርሱ ትንንሽ አጥንቶች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ትንሽ ትንሽ ይታጠፋል። ሲደመር ሙሉ ክብ ይወጣዋል። ምድቡን የሚወስነው እግር መኖሩ ወይም አለመኖሩ አይደለም። እባብ ከእንሽላሊት፣ ከኤሊና በአባይ በረሃ ካለው አዞ ጋር ገበሎ አስተኔ (ተሳቢ እንስሳ) ነው።

በቤትህ የምትሠራው ነገር ልስጥህ። የበግ አንገት ሳይከተፍ ከተቀቀለ አጥንቶቹን ቁጠራቸው። 7 ናቸው። የሰውም 7 ነው፤ የአይጥም፣ የቀጭኔም። የዶሮ አንገት ግን ወደ 14 ይደርሳል። ዶሮ ጭራዋን ዞራ የምታክከው በዚህ ነው።

የቢቸና የባዮሎጂ መምህር፦ «ቤተ ሙከራ አለን፤ ዕቃ ግን የለንም። እንስሳ የሚደነዝዝበት ክሎሮፎርምም አካሉ እንዳይበሰብስ የሚጠብቀው ፎርማሊንም የለም። ዲሴክሽኑን (እንስሳ ከፍቶ ውስጡን ማየቱን) ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ነው የማልፈው። ምን ላድርግ?»

መምህር፣ ክሎሮፎርምና ፎርማሊን ስለሌሉ አይዘኑ። ፎርማሊን ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፤ ለረጅም ጊዜ ከተነፈሱት ለካንሰር ያጋልጣል። በተማሪ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ባይገባ ይሻላል። እርስዎ የሚፈልጉት ሥጋ ቤት ውስጥ አለ።

ከባለ ሥጋ ቤቱ ጋር ቀደም ብለው ይነጋገሩ። የበግ ልብ፣ ከነአየር ቧንቧው ያልተቆረጠ ሳንባና አንድ ኩላሊት ይጠይቁ። ልቡን ሲያወጣ የደም ቧንቧዎቹን ከሥራቸው እንዳይቆርጥ አደራ ይበሉት። ቧንቧ የሌለው ልብ ግማሽ ትምህርት ነው። ቀኑንም ያስቡበት። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም በላይ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ሥጋ ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ልምምዱ ከጥር ባያልፍ ጥሩ ነው።

ልቡን ከመቅደድዎ በፊት ተማሪዎቹ በጣታቸው ይጫኑት። አንዱ ጎን ጠንካራ፣ ሌላው ለስላሳ ነው። ጠንካራው ግራው ነው። ምክንያቱን አይንገሯቸው፤ ይጠይቋቸው። ቀኙ ደም የሚገፋው እዚያው አጠገቡ ላለው ሳንባ ነው። ግራው ግን እስከ ሰኮናው ድረስ መግፋት አለበት። ትንሽ ጊዜ ከሰጧቸው ራሳቸው ይደርሱበታል። ከዚያ ከታች ጫፉ ጀምረው ወደ ላይ ይቅደዱት። ነጫጭ ጠንካራ ክሮች ይታያሉ። ቫልቮቹ፣ ማለትም ደም እንዳይመለስ የሚዘጉት በሮች፣ ወደ ኋላ እንዳይገለበጡ የሚይዟቸው እነሱ ናቸው። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ቀጭን መስመር ሆነው ስለሚታዩ ማንም ልብ አይላቸውም። በእጁ የጎተታቸው ተማሪ ግን አይረሳቸውም።

ሳንባውን በአፍ አይንፉት። የብስክሌት ፓምፕ ቱቦ ወደ አየር ቧንቧው ያስገቡና በክር አጥብቀው ይሰሩት። ቀስ እያሉ ይንፉ። ምላጭና ቢላዋ ከእርስዎ እጅ አይውጣ። ለተማሪዎቹ ጫፉ ደነዝ የሆነ መቀስ ይበቃል። ሲያበቁ እጅ በሳሙና፣ ጠረጴዛ በበረኪና ይታጠብ። ትርፉን ለውሻ አይስጡ፤ በጥልቀት ይቅበሩት። ምክንያቱን ለፍኖተ ሰላሟ እናት በሰጠሁት መልስ ያገኙታል።

የሞጣ አባት፦ «ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት። መምህሩ እንቁራሪት ይዛችሁ ኑ አለ። እሷ አልገድልም ብላ አለቀሰች። ውጤት ይቀነስብሻል ተባለች። ጎበዝ ናት፤ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። ልገፋፋት ወይስ ልተዋት?»

አይገፋፏት። ይህ ስንፍና አይደለም። ሐኪም ለመሆንም አያግዳትም። የሕክምና ተማሪ የሰውን አካል የሚማረው ከሰው አስከሬን ነው፤ በእንቁራሪት ግድያ አይፈተንም። ለፍጡር የምታዝን ልጅ ነገ ለበሽተኛ ብታዝን ምን ይጎዳል?

ልጅዎ ብቻዋን አይደለችም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተማሪ በሕሊና ምክንያት ዲሴክሽን አልሠራም ማለት ይችላል። መምህሩም ሌላ ተመጣጣኝ ሥራ ሊሰጠው ይችላል። ሳይንቲስቶች ራሳቸው በእንስሳት ላይ ሲሠሩ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። በሌላ ነገር መተካት ይቻላል? ቁጥሩን መቀነስ ይቻላል? ሥቃዩን ማቅለል ይቻላል? ይህ ሐሳብ ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቅ ነው። አንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ አንዳንድ እንቁራሪት ይዞ ሲመጣ ሦስቱም ይፈርሳሉ። ክረምት ላይ በየኩሬው የሚጮኹት እንቁራሪቶች ትንኝና ሌላ ነፍሳት የሚበሉልን ናቸው። ለአንድ ሰዓት ትምህርት ብሎ ኩሬውን ባዶ ማድረግ ልክ አይደለም።

ግን ትምህርቱ ይቅርባት አላልኩም። መማር አለባት። ለበዓል ዶሮ ስትታረድ ከእናቷ ጎን ትቁም። የጎጃም እናት ዶሮን 12 ብልት አድርጋ ስታወጣ መገጣጠሚያውን ፈልጋ ነው የምትቆርጠው እንጂ አጥንት አትሰብርም። ይህ የአናቶሚ (የአካል አወቃቀር) ዕውቀት ነው። ልጅዎ ከዶሮዋ አንገት ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ትክፈት። ቀጥሎ ጠንካራውን ጨጓራ ትሰንጥቀው። ውስጡ ጠጠር ታገኛለች። ዶሮ ጥርስ ስለሌላት እህሉን የምትፈጨው በጠጠሩ ነው። ሳንባው ከጎድኑ ጋር ተጣብቆ ታየዋለች። ዶሮዋ እንቁላል ጣይ ከነበረች ደግሞ ከትንሽ እስከ ትልቅ የተደረደሩ አስኳሎች ይኖራሉ፤ ሁሉም በግራ በኩል። በአብዛኞቹ ወፎች የሚሠራው የግራው የእንቁላል ማፍሪያ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ በደብተሯ ትሳለው፣ ስሙን ትጻፍበት። ከዚያ እርስዎ ደብተሩን ይዘው መምህሩን ለብቻው፣ በትሕትና ያነጋግሩት። «ሥራውን ሠርታለች፤ በዚህ ውጤት ይሰጣት» ይበሉት። ልጅ በሌሎች ፊት እንዳትሸማቀቅ ጉዳዩን በስብሰባ አያንሱት።

የደጀን ተማሪ፦ «እንቁራሪቷ ሞታለች ተብለን ስንከፍታት ልቧ ይመታ ነበር። ሕይወቷ ሳይወጣ ቀደድናት?»

ልቧ ስለመታ ብቻ እንደዚያ ማለት አይቻልም። የልብ ጡንቻ የመምቻ ምልክቱን ከራሱ ያመነጫል፤ የአንጎልን ትእዛዝ አይጠብቅም። ስለዚህ የእንቁራሪት ልብ ከሞተች በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ይመታል። ሕመም የሚሰማው ግን አንጎል ሲሠራ ነው። ጥያቄህ ግን ትልቅ ነው። የተሰጠው መድኃኒት በቂ ካልሆነ እንስሳው ሳይሞት ደንዝዞ ብቻ ቆይቶ ሊነቃ ይችላል። መሞቱ ሳይረጋገጥ ማንም መቀስ ማንሳት የለበትም። ዓይኗ ሲነካ ወይም ጣቷ ሲቆነጠጥ ከተንቀሳቀሰች አልሞተችም ማለት ነው። ያኔ እጅህን አንስተህ ለመምህርህ ተናገር።

የባሕር ዳር ተማሪ፦ «አምባዛ ቅርፊት የለውም። ከውኃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም። ዓሣ ነው ወይስ እንቁራሪት አስተኔ?»

ዓሣ ነው። ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ሰዎች አሉ፤ ያ የእምነት ጉዳይ ነው። በሳይንሱ ምደባ ግን አከርካሪ፣ ክንፍና በውኃ ውስጥ የሚተነፍስበት ስንጥብ ስላለው ከዓሣ አይወጣም። ልቡም እንደ ዓሣ ባለ 2 ክፍል ነው። የእንቁራሪት 3፣ የወፍና የአጥቢ 4 ነው።

ከውኃ ውጪ የሚቆይበትን ምስጢር በዓይንህ ማየት ትችላለህ። ዓሣ አጥማጆቹ ጋ ሂድና የአምባዛ ጭንቅላት እንዲሰጡህ ጠይቅ። የስንጥቡን ክዳን አንሳ። ከስንጥቡ በላይ ቀይ፣ ቅርንጫፍ ያወጣ ነገር ታያለህ። ከአየር ኦክስጅን የሚወስደው በዚያ ነው። ከዚያ የቆሮሶ ጭንቅላት ከፍተህ አወዳድር። እሱ የለውም።

ጣና አጠገብ መኖርህ ዕድል ነው። ጢስ እሳት ፏፏቴ ከታች ያሉት ዓሦች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ ይከለክላል። ሐይቁ ውስጥ ተለይተው የቀሩት ነጭ ዓሦች ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ሆነዋል። የተመራማሪዎችን ቀልብ ከሩቅ የሚስበው ይህ ነው። አንተ በእግርህ ነው የምትደርስበት።

የቡሬ ተማሪ፦ «ቪዲዮ ላይ ካየሁ አይበቃኝም?»

እንቁራሪት ከመግደል ቪዲዮው ይሻላል። ብቻውን ግን አይበቃም። ጋሌን የተባለው የጥንት ሐኪም የሰው የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ጻፈ፤ እንስሳ ከፍቶ ነበርና። ከ1,000 ዓመት በላይ ጽሑፉ ሲታመን ኖረ። በ1543 (እ.ኤ.አ.) ቬሳሊየስ የሰውን አስከሬን በገዛ እጁ ከፍቶ አንድ አጥንት መሆኑን አሳየ። ቪዲዮውን ካየሽ በኋላ አንድ እውነተኛ ነገር በእጅሽ ያዢ። የበግ ኩላሊትም ይሁን።

የእንጅባራ ተማሪ፦ «የሌሊት ወፍ ወፍ ናት?»

አይደለችም። ፀጉር አላት፣ ትወልዳለች፣ ታጠባለች። አጥቢ ናት።

የፍኖተ ሰላም እናት፦ «ለበዓል በግ አርደን ልጄ ጉበቱን ለትምህርቱ ሲከፍተው ጠፍጣፋ ትሎች አገኘ። ሳንባው ላይ ደግሞ ውኃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ነበር። ሥጋውን እንጣለው?»

እናቴ፣ ልጅዎ ጥሩ አየ። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጠፍጣፋዎቹ የጉበት ትሎች ናቸው። በረግረግ ቦታ ካለ ትንሽ ቀንድ አውጣ ይነሳሉ፤ በጉ ጨፌ ሲግጥ ይይዘዋል። ሰውም እንደዚህ ካለ ቦታ ያልፈላ ውኃ ከጠጣ ወይም ውኃ ውስጥ የበቀለ ቅጠል በጥሬው ከበላ ይያዛል። ጉበቱን አይብሉት።

ከረጢቱ ይበልጥ ያሳስበኛል። አይቅደዱት። ይህ ከውሻ የሚመጣ የትል እጭ ነው። ውሻ ሳንባውን ከበላ ትሉ በሆዱ ያድጋል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣና በእጅ ወይም በምግብ ወደ ልጆች ይገባል። ያው ከረጢት በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ይበቅላል፤ ብዙ ጊዜም የሚወጣው በኦፕራሲዮን ነው። ስለዚህ ሳንባና ጉበቱን ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ። ቢላዋውንና እጃችሁን በሳሙና ይታጠቡ። ቀሪውን ሥጋ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አይቶት በደንብ አብስላችሁ ብትበሉት ይሻላል። የቀሩት በጎችና ውሻው መድኃኒት ያስፈልጋቸው እንደሆነም በዚያው ባለሙያውን ይጠይቁት።