ከባሕር ዳር ወደ ውጭ አገር ለአገልግሎት ለምትወጪው እህት፦ ስለ ድጋፍ፣ ስለ ደብዳቤና ስለ ዳኛ

እህቴ፣ «ቤተ ክርስቲያኔ ጸልያ ልትልከኝ ተስማምታለች፤ ገንዘቡን ግን ራስሽ ፈልጊ ተባልኩ፤ ከየት ልጀምር?» ብለሽ የጠየቅሽውን አነበብኩ። የምትሄጂበትን አገር አልጻፍሽም። እኔ ያገለገልኩት ሰሜን ኬንያ፣ ማርሳቢት ስለሆነ አንቺም ወደዚያው እንደምትሄጂ ቆጥሬ ልመልስልሽ። ሌላ አገር ከሆነም የፈቃዱን ስም ቀይረሽ አንብቢው፤ ጣጣው አንድ ነው። ስለ ጥሪና ስለ ጾም ጸሎት ወንድሞች ብዙ መክረውሻል። የእኔ ምክር ስለ ብርና ስለ ማኅተም ነው።

አንደኛ፣ በመሸኛው እሑድ የሚሞላውን የቃል መግቢያ ካርድ እንደ ገንዘብ አትቁጠሪው። በእኔ ጊዜ የጉባኤው መሪ ካርድ አስበተኑ፣ መዘምራኑ ዘመሩ፣ ሕዝቡ እያለቀሰ ሞላ። ሽማግሌዎቹ እዚያው ደምረው «የሁለት ዓመት በጀት ሞልቷል» ብለው አወጁ፤ ጉባኤው እልል አለ። በኋላ ካርዶቹን ስቀበል አብዛኞቹ ስልክ ቁጥር የላቸውም። የገንዘቡ መጠን በሚጻፍበት መስመር ላይ «እግዚአብሔር እንደ ረዳኝ» የሚል የተጻፈባቸውም ነበሩ። ይህ እንዴት እንደ ተደመረ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በሦስተኛው ወር የገባው ብር የወር ቀለብ አልሸፈነም። ከማርሳቢት ደውዬ ብጠይቅ «ወንድማችን፣ አንተ እኮ የወጣኸው በእምነት ነው» ተባልኩ። በእምነት የወጣ ሰው እንጀራ አይበላም ያለው ማን ነው? ጳውሎስ እንኳ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ ከመቄዶንያ በወጣ ጊዜ ከእነርሱ በቀር በመስጠትና በመቀበል የተካፈለችው ቤተ ክርስቲያን እንዳልነበረች ሳይሸሽግ ነግሯቸዋል።

ከተማችንንም ታውቂያታለሽ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ባሕር ዳር ውስጥ ፕሮቴስታንት ተብሎ የተመዘገበው ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞላም። አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ያለ ትልቅ አጥቢያ ብቻውን ልዑክ ይችል ይሆናል። የእኛዎቹ ግን የአዳራሽ ኪራያቸውን ከፍለው የሚተርፋቸው ጥቂት ነው፤ አልፈርድባቸውም።

ሁለተኛ፣ «እንግዲያውስ አዲስ አበባ ልሂድና ትልልቆቹን ልለምን» ማለትሽ አይቀርም። እኔም ብዬ ነበር። ስሙን የማልጠራው አንድ የተልእኮ ክፍል በር ላይ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ተቀምጬ ዋለሁ። በመጨረሻ ያስገቡኝ ኃላፊ ደብዳቤዬን ከጠረጴዛው ላይ ተቀብለው የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡበት። ከዚያ «ባሕር ዳር ራሷ የወንጌል መስክ ናት፤ ከመስክ ወጥተህ የት መስክ ልትሄድ ነው?» አሉኝ። መልስ ነበረኝ፤ ሊሰሙኝ ግን ጊዜ አልነበራቸውም። ብርጭቆውን አንሥተው ደብዳቤውን ገረፍ አደረጉና «በዚያ ላይ ለሚመለከተው ሁሉ ነው የሚለው፤ እኛን አይመለከተንም» ብለው መለሱልኝ። የብርጭቆው ክብ ማኅተማችን ላይ ታትሞ ነበር። ከአምስት መቶ በላይ ኪሎ ሜትር ተጉዞ የሄደ ሰው ይህን ሰምቶ የሚመለስበት መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም አንቺው ገምቺው።

ሰውየውን ይቅር ብያቸዋለሁ (ብያለሁ መሰለኝ)፤ ስለ ደብዳቤው የተናገሩት ግን ለሌላውም ቢሮ የሚሠራ ነው። ቤተ ክርስቲያንሽ ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በስሙ ትጻፍልሽ። ቁጥርና ቀን ይኑረው፣ የፈራሚው ቲተር ይኑርበት፣ ማኅተሙ ፊርማው ላይ ይረፍ። በተጨማሪ ስምሽ በፓስፖርቱ፣ በዲግሪውና በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት መጻፉን አሁኑኑ ተመልከቺ። አንዲት ፊደል ብትለይ ከወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ጀምሮ ታንከራትትሻለች። የአማርኛ ሰነድ ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ይተረጎማል፣ በሰነዶች ማረጋገጫ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይቀጥላል። የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው ካርዱ የሚጸናው፤ በመሄጃሽ ሳምንት እንዳትሮጪ። ለኬንያ «ክላስ አይ» የሚባለውን፣ ለሃይማኖትና ለበጎ አድራጎት ሥራ የሚሰጠውን ፈቃድ የሚጠይቅልሽ እዚያ የተመዘገበ ተቀባይ አካል ነው። በጎብኚነት ገብተሽ ለማገልገል እንዳትሞክሪ፤ ሞያሌ ላይ በሰላም ያለፈ ሰው ማርሳቢት ላይ ሲጠየቅ አይቻለሁ።

ሦስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ስለ አንዲት ሴት ስለሆነ ቁጥሩን ልተወው።

የቤት ለቤት ጸሎታችን ውስጥ ገበያ ላይ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ እናት አሉ። የሰፈራቸው ዕቁብ ዳኛ ናቸው። የካርዱን ነገር ከሰሙ በኋላ በስልክ «ልጄ፣ ሰው ለእግዚአብሔር ቃል ገብቶ ይረሳል፤ ለዕቁብ ገብቶ ግን አይረሳም፤ ዳኛ አለበትና» አሉኝ። በሳምንቱ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሠላሳ ሰው ሰበሰቡ፦ መምህራን፣ ነርሶች፣ አንድ የባጃጅ ሾፌር፣ አንድ ዓሣ ነጋዴ። ለሰው በወር 300 ብር፣ ደመወዝ በወጣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በእጅ ወይም በቴሌብር። ዕጣ የለውም እንጂ ሌላው ሕግ የዕቁብ ነው፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል፣ መውጣት የፈለገ የሚተካውን ሰው አምጥቶ ይወጣል። ዓሣ ነጋዴው ገቢው ወጣ ገባ ስለሆነ ዳኛዋ ልዩ ፈቃድ ሰጡት፤ በሁዳዴ ዓሣ ሲወደድ የስድስት ወሩን በአንድ ጊዜ ይከፍላል። ብሩ በቤተ እምነታችን ዋና ጽሕፈት ቤት በኩል በባንክ ተመንዝሮ በየሩብ ዓመቱ ይደርሰኝ ነበር። በጓሮ በር፣ በጥቁር ገበያ ይላክልሽ የሚል ሰው ሲመጣ አትስሚው፤ ቅጣቱ የሚወድቀው በእርሱ ላይ ሳይሆን አንቺን በላከችው ቤተ ክርስቲያን ላይ ነው።

የዳኛዋን ደብተር አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ባለ መስመር የተማሪ ደብተር ነው፤ ጠርዙ በርበሬ ጠጥቶ ቀልቷል። በየስሙ ትይዩ አሥራ ሁለት ሣጥን አለ፣ የከፈለ ይሰረዝለታል፣ ያልከፈለ ይከበብበታል። የአንድ ሽማግሌያችን ስም ሦስት ጊዜ ተከቦ ሳይ፣ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ።

ይህ ነገር የተፈተነው ብር በወደቀ ጊዜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የእኔ የወር 9,000 ብር ወደ 20,000 ሽልንግ የሚጠጋ ነበር፤ በአንድ ክረምት ወደ 11,000 ወረደ። ካርድ የሞሉት ሰዎች ሁሉ በታማኝነት ቢከፍሉ እንኳ ያኔ ብሩ አይበቃኝም ነበር፤ በካርድ ላይ የተጻፈ ብርን ማን ይከልሰዋል? ዳኛዋ ግን «ስንት ቢሆን ነው የሚተካከለው?» አሉኝ። ለሰው 550 አልኳቸው። ማኅበሩን ጠርተው፣ የልጅ ልጃቸውን የሒሳብ መኪና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ እያንዳንዱ ራሱ እንዲያሰላ አደረጉ። አራት ያህል ሰዎች አልቻልንም ብለው ተተኪ አመጡ፤ የቀሩት ጨመሩ። ስለዚህ በጀትሽን ስትሠሪ በምትኖሪበት አገር ገንዘብ ሥሪው፣ ሰዎችሽም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መዋጮው በየመንፈቁ እንደሚከለስ ይወቁ። የፈቃድ ማደሻና ድንገተኛ የመመለሻ ቲኬት በጀቱ ውስጥ ይግቡ፤ እነዚህን የሚያስታውስ ኮሚቴ አላጋጠመኝም።

ሪፖርትሽን በስልክ መልእክት ብቻ አትመኪበት። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ የላክሁት ፎቶ ሁሉ መንገድ ላይ ቀርቷል። ያኔ የጠቀመኝ በየወሩ ደውዬ ለዳኛዋ መናገሬ ነው፤ እርሳቸው ለቅዳሜው ስብሰባ ይነግሩልኝ ነበር፣ ትንሽ እየጨመሩበትም ቢሆን። አንድ የቦረና ሽማግሌ ቡና አፍልተው ጋበዙኝ ያልኩት ባሕር ዳር ሲደርስ በሬ አርደው ተቀበሉት ሆኖ ነበር።

ቤተ ሰብሽ ኦርቶዶክስ ከሆነ፣ እንደ እኔ፣ ለአገልግሎቱ ብለሽ ገንዘብ አትጠይቂያቸው። የሚያሳዝን ክርክር ታመጫለሽ። አክስቴ ግን ሳልጠይቃቸው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ከቋጠሩት ፈትተው ሰጡኝ፤ «ለስንቅህ ነው፣ ለሃይማኖትህ አይደለም» አሉ። እጃቸውን ስሜ ተቀበልኩ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ፦ ካርድ ከማሳተምሽ በፊት ዳኛ ፈልጊ። ፓስተር ባይሆን ይሻላል፤ ፓስተር ሰው እንዳይቀየመው ይፈራል። የሰው ገንዘብ ሰብስቦ የሚያውቅ፣ «አልከፈልክም» ለማለት የማያፍር ሰው ይሁን። ባንክሽንና ሰነድሽን የሚያንቀሳቅስልሽን ሰው ደግሞ ከመውጣትሽ በፊት ሰነዶች ማረጋገጫ ወስደሽ ውክልና ስጪው። ከወጣሽ በኋላ ውክልና ለመስጠት ናይሮቢ ያለው ኤምባሲያችን መቅረብ ይኖርብሻል፤ ከማርሳቢት ናይሮቢ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ የመኪናውም ከዚያችው መዋጮ ላይ ነው የሚወጣው።