የዘፋኝ መርዶ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ሳይነጋገሩ አንድ ነገር አነሱብኝ። አራቱም በቅርብ ዓመታት ስለሞቱ የካናዳ ዘፋኞችና ሙዚቀኞች ናቸው። አንድ ላይ ባነባቸው ይሻላል ብዬ አንድ ላይ መለስኳቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎርደን ላይትፉት መሞቱን የሰማሁ ዕለት ወጥ ቤት ቆሜ አለቀስኩ። ባለቤቴ «ምን ሆነሻል? ዘመድሽ ነው እንዴ?» አለኝ። ነገሩ እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ለማላውቀው ፈረንጅ ማልቀሴ ነውር ነው? (ከቶሮንቶ)

መልስ፦ ነውር አይደለም፣ እህቴ። እኔም አልቅሻለሁ። ሜይ 1 ቀን 2023፣ እዚሁ ቶሮንቶ ሆስፒታል ውስጥ ነው ያረፈው። 84 ዓመቱ ነበር።

ከዚህ ሰው ጋር እንዴት እንደተዋወቅን ልንገርሽ። እዚህ አገር እንደመጣሁ ያገኘሁት ሥራ ፓርኪንግ ነበር። መሃል ከተማ፣ ሹተር ጎዳና አካባቢ፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ዳስ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ እላለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ትቷት የሄደ ትንሽ ሬዲዮ ነበረች። የመጀመሪያዬ ኖቬምበር ላይ፣ አንድ ሌሊት፣ ረጅም ዘፈን መጣ። እንግሊዝኛዬ ገና ነው። መርከብ ሲል ሰማሁ። ነፋስ ሲል ሰማሁ። ደወል ሲል ሰማሁ። አዝማች የለውም። ያው ዜማ እየተመላለሰ፣ ታሪኩ ብቻ ወደፊት ይሄዳል። «ይኼ ሰውዬ ሙሾ እያወረደ ነው» አልኩ ለራሴ።

ጠዋት የሚቀይረኝን ባልደረባዬን ጠየቅኩት። እሱ ነው ያስረዳኝ። ኤድመንድ ፊትዝጀራልድ የሚባል የብረት ማዕድን ጫኝ መርከብ ነበር። 222 ሜትር ርዝመት አለው። ኖቬምበር 10 ቀን 1975 ሱፔሪየር ሐይቅ ላይ ማዕበል መታውና ሰጠመ። 29 ሰዎች ነበሩበት። አንድም አልተረፈም። አንድም አስከሬን አልወጣም።

ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር አስቢያት። የሚገነዝ የለም፣ የሚቀበር የለም። ቤተሰቡ ቆሞ የሚያለቅስበት መቃብር የለም። እኛ አገር እንዲህ ያለውን ሐዘን እናውቀዋለን። ልጁ ጦር ሜዳ የቀረበት ቤት ፎቶ ተደግፎ ያለቅሳል። ላይትፉት ወሬውን መጽሔት ላይ አነበበ፤ በዚያው ክረምት ዘፈኑን ጽፎ ቶሮንቶ ውስጥ ቀዳው። በ1976 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኖቬምበር በመጣ ቁጥር ሬዲዮኖች ያጫውቱታል። እነዚያን 29 ሰዎች ጭራሽ የማያውቅ ሕዝብ በየዓመቱ ሙት ዓመታቸውን ያስባል።

አሁን ደግሞ እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝን ልንገርሽ። ዘፈኑ ውስጥ፣ መጀመሪያ ሲጻፍ፣ የመርከቡ ዋና የጭነት ክዳን ተሰብሮ ገባ የሚል ስንኝ ነበረው። የመንግሥት መርማሪዎችም በ1977 ጥፋቱን በደንብ ካልተዘጉት ክዳኖች ጋር አያይዘውት ነበር። እነዚያን ክዳኖች የመዝጋት ኃላፊነት ደግሞ የመርከበኞቹ ነው። እንግዲህ የሟች እናት ብትሆኚ ያ ስንኝ በሬዲዮ በመጣ ቁጥር ምን ይሰማሻል? ልጅሽ መሞቱ ሳያንስ ጥፋተኛም ሆነ። ኋላ ላይ ሌላ ምርመራ ጥፋቱ የመርከበኞቹ ላይሆን ይችላል ሲል፣ ላይትፉት በ2010 መድረክ ላይ ሲዘፍን ስንኙን ለወጠው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት (በፈረንጅ ሰባት ሰዓት) ላይ ክዳኑ ገባ ማለቱን ትቶ፣ ጨለመ ብቻ አለ። ወደ 35 ዓመት የኖረ፣ ሰው ሁሉ በቃሉ የያዘውን ዘፈን! እኛ ዘንድ ጥሩ አልቃሽ እንዲህ ናት። ሟችን ስታነሳ ቤተሰቡን የሚያቆስል ቃል ከአፏ እንዳይወጣ ትጠነቀቃለች። ካመለጣትም በሚቀጥለው ታርመዋለች።

ዘፈኑ ውስጥ ለ29ኙ ሰዎች የተደወለው ደወል ዲትሮይት ከተማ ባለው የመርከበኞች ቤተ ክርስቲያን የሚገኝ እውነተኛ ደወል ነው። ላይትፉት በሞተ ማግስት ያው ደወል 30 ጊዜ ተደወለ። 29ኙ ለመርከበኞቹ፣ አንዱ ለእሱ። እኔን ያስለቀሰኝ ይህ ነው።

የእኔ ዳስ ከማሲ ሆል አዳራሽ በጥቂት እርምጃ ትርቅ ነበር። ላይትፉት በዕድሜው ከ160 ጊዜ በላይ የዘፈነበት አዳራሽ ነው። በ2018 ለእድሳት ሲዘጋ የመጨረሻውን ዝግጅት ያቀረበው እሱ ነው፤ በ2021 ሲከፈትም መድረኩን የከፈተው እሱ ነው። እሱ የሚዘፍን ማታ ሕዝቡ ወደ መኪናው ሲመለስ ፊቱ ይለያል። ሰዉ አይቸኩልም። አንዳንዱ ሒሳብ እየከፈለኝ ያንጎራጉራል። እኔም ዜማውን ስለማውቀው አብሬ አንጎራጉራለሁ። እዚህ አገር ከማላውቀው ሰው ጋር ያለ ቃል የተግባባሁት መጀመሪያ በዚያ ነው።

ባለቤትሽን አትቀየሚው። አንድ ማታ ዘፈኑን ክፈቺና ስንኝ በስንኝ ተርጉሚለት። ቀብሩን በተመለከተ፣ የትውልድ ከተማው ኦሪሊያ ናት፤ ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን ነው። በልጅነቱ መዝሙር በዘመረበት ቤተ ክርስቲያን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሰልፎ ተሰናብቶታል። ሄደሽ ብታዪው ደስ ይልሻል።

ጥያቄ፦ ዘ ባንድ ከሚባለው ቡድን በሕይወት ያለ አለ? ልጄ ኪቦርድ ይማራል፣ ቀን ከሌት እነሱን ነው የሚሰማው። እኔ ግን በሙዚቃ ይኖራል ብዬ እሰጋለሁ። (አባት፣ ከሃሚልተን)

መልስ፦ ማንም አልቀረም። አምስት ነበሩ፤ አራቱ ከኦንታሪዮ፣ ከበሮ መቺው ሊቮን ሄልም ከአሜሪካ። ጊታሪስቱ ሮቢ ሮበርትሰን ኦገስት 9 ቀን 2023 በ80 ዓመቱ ሞተ። እናቱ ከእናንተ ከተማ ብዙም በማይርቀው የአገሩ ነባር ሕዝቦች በሚኖሩበት በግራንድ ወንዝ የስድስቱ ነገዶች ምድር ያደገች ነበረች። እሱም ጊታር የጀመረው እዚያ ዘመዶቹ ዘንድ ነው። ቤተሰቡ አበባ ለማምጣት ያሰበ ሰው ገንዘቡን ለዚያ ሕዝብ አዲስ የባህል ማዕከል ማሠሪያ ይስጥ ብሎ ለመነ።

የመጨረሻው ጋርዝ ሃድሰን ነው። ጃንዋሪ 21 ቀን 2025፣ በ87 ዓመቱ። ለልጅህ የምትነግረው ታሪክ የእሱ ነው። ሃድሰን የተማረ ሙዚቀኛ ነበር። በልጅነቱ አጎቱ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ነበረውና እዚያ ለለቅሶ ኦርጋን ይጫወት ነበር። ባንዱ ሲጠራው ወላጆቹ «ይሄን ሁሉ ተምረህ ሮክ ልትጫወት?» እንዳይሉት ሰጋ። እናም አንድ መላ ተገኘ። እያንዳንዱ ባልደረባው በሳምንት 10 ዶላር ይከፍለዋል፣ እሱም የሙዚቃ አስተማሪያቸው ይባላል። ወላጆቹ ልጃችን መምህር ሆነ ብለው ተረጋጉ። ያንተ ስጋት አዲስ አይደለም፣ ወንድሜ። ልጅህ ይማር።

ጥያቄ፦ ሞንትሪያል ከመጣሁ ገና ነው፣ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ የካርል ትራምብሌ ስም ሲነሳ ሁሉም ዝም ይላል። ማን ነበር? (ከሞንትሪያል)

መልስ፦ ሌ ካውቦይ ፍራንጋን የሚባለው ቡድን ድምፃዊ ነበር። ኖቬምበር 15 ቀን 2023 በፕሮስቴት ካንሰር ሞተ፤ ገና 47 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ እዚያው ቡድን ውስጥ ቫዮሊን ትጫወታለች። ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። በሞተበት ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ታሞ እያለ፣ ኩቤክ ከተማ ሜዳ ላይ ለ90,000 ያህል ሰው ዘፈነ። ኅዳር ላይ የኩቤክ መንግሥት ብሔራዊ የመታሰቢያ ዝግጅት አደረገለት፤ የሆኪ ስታዲየሙ በለቀስተኛ ሞላ። የጓደኞችህ ዝምታ የቤተሰብ ዝምታ ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ኩቤክ ዘፋኙን የቋንቋው ጠባቂ አድርጎ ነው የሚያየው። ይህንን እኛ በቀላሉ እንረዳለን።

ጁን 24 የኩቤክ በዓል ነው። ያን ቀን ሁለት ስም ስትሰማ እንዳይገርምህ። ዘፋኙ ዣን ፒየር ፌርላን በዚያ ቀን በ1934 ተወለደ፤ በ2024 ሞተ። አርሞኒየም የሚባለው የሙዚቃ ቡድን መሥራች ሰርጅ ፊዮሪ ደግሞ በ2025 የሞተው በዚያው በበዓሉ ዕለት ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ተንከባካቢ ነኝ። አንድ አባት አሉ፣ ከብት አርቢ የነበሩ፣ የመርሳት ሕመም አለባቸው። በየቀኑ «ኢያን ታይሰን አሁንም ይዘፍናል?» ይሉኛል። አንድ ቀን ሞቷል አልኳቸው። አለቀሱ። በማግስቱ ያንኑ ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? (ከካልጋሪ)

መልስ፦ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ ልጄ።

ታይሰን ዲሴምበር 29 ቀን 2022 በ89 ዓመቱ፣ ከእናንተ በስተደቡብ ባለው የከብት እርሻው ሞተ። እንደ እኚህ አባት ፈረስ ጋላቢ ነበር። ጊታር የጀመረውም ሮዲዮ በሚባለው የፈረስ ግልቢያ ውድድር ላይ ተጎድቶ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው። «አራቱ ነፋሳት» እያልን ልንጠራው የምንችለውን ዘፈኑን የጻፈው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሥራ ፍለጋ ወደ አልበርታ ስለሚሄድ ሰው ነው። የሚወዳትን ትቶ ይሄዳል፣ ትከተለው እንደሆነም እርግጠኛ አይደለም። አንቺም እኔም ያንን መንገድ እናውቀዋለን። በ2005 የሲቢሲ ሬዲዮ አድማጮች ከካናዳ ዘፈኖች ሁሉ አንደኛ አድርገው መረጡት። ካረጀ በኋላ ጉሮሮው ተጎድቶ ድምፁ ሻከረ። አልተወም፤ በሻካራው ድምፁ ቀጠለ።

እኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ለሰው በድንገት አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሌሊቱ እንዲያልፍለት ይደረጋል፣ ማለዳ አንድ ላይ ሆነው ይነግሩታል። የሚነገረውም አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ለቅሶው አለ፣ ማጽናናቱ አለ፣ አርባው አለ። የእኚህ አባት ሐዘን ግን ወደ ማጽናናቱ አይደርስም። በየቀኑ መርዶው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ደግመሽ አትንገሪያቸው። ነግረሻቸው በማልቀሳቸውም ራስሽን አትውቀሺ፤ አውቀሽ አልነበረም።

ሲጠይቁሽ «አንዱን ልክፈትልዎ?» በያቸው። ስልክሽን ትራሳቸው አጠገብ አድርጊ። በወጣትነት ድምፁ የተቀዳውን፣ አብራው ትዘፍን ከነበረችው ከቀድሞ ባለቤቱ ከሲልቪያ ጋር የዘፈነውን ፈልጊ፤ እሳቸው የሚያውቁት ያንን ነው። ስለ ከብቶቻቸውም ጠይቂያቸው፣ ሳይነግሩሽ አይቀሩም። ዘፈኑ አልቆ እንደገና «አሁንም ይዘፍናል?» ካሉሽ፣ ከመጀመሪያው ድገሚላቸው።