የኢንዶኔዥያው ጩቤ የየት ደሴት ነው?

ጥያቄ፦ ዴን ሃግ (ኔዘርላንድስ) ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ የኢንዶኔዥያ ጩቤ ገዝቻለሁ። ብረቱ ጥምዝምዝ ነው፤ ብቻውን ሲለካ 36 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እጀታው እንጨት ሆኖ አናቱ እንደ ሽጉጥ መያዣ ጎብጧል። የአፎቱ አናት ጀልባ ይመስላል፤ ታችኛው ክፍል ቅርጽ በወጣለት ናስ ተሸፍኗል። ሻጩ «የባሊ ነው፣ 15ኛው ክፍለ ዘመን» አለኝ። እንዴት ላረጋግጥ? ዝገቱንስ በብርጭቆ ወረቀት ብጠርገው?

መልስ፦ ብርጭቆ ወረቀቱን ይተዉት፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል። የገዙት ኬሪስ ይባላል። ብረቱ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ እጀታውና አፎቱ እንደ ልብስ ይቀየሩለታል፤ ስለዚህ «የት ተሠራ?» የሚለውን ለብረቱ፣ ለእጀታውና ለአፎቱ ለየብቻ ይጠይቁ።

ከነገሩኝ ብነሳ፣ ሦስቱ አንድ አገር የላቸውም። ጀልባ መሰል አናትና ቅርጽ የወጣለት የናስ ሽፋን የጃቫ ደሴት ነው። በጃቫዋ ሱራካርታ ከተማ ይህን አፎት ላድራንግ፣ በሌላዋ የጃቫ ከተማ በዮግያካርታ ደግሞ ብራንጋህ ይሉታል። እንደ ሽጉጥ መያዣ የጎበጠ እጀታ ግን የቡጊስ (የሱላዌሲ ደሴት ሕዝብ) እና የሱማትራ ደሴት ወገን ነው። የጃቫ እጀታ ቀጠን ያለ፣ ጎኖቹ ጠፍጣፋ፣ በሁለት ቦታ ትንሽ ቅርጽ የተቀረጸበት ነው። የባሊ እጀታ ብዙ ጊዜ የአምላክ ወይም የጭራቅ ምስል ይዞ ይመጣል። ባሊ የሚለውን ወሬ የሚደግፍ ነገር እስካሁን አላየሁም።

ወደ ብረቱ እንሂድ፤ ዋናው እሱ ነው። የጃቫ ብረት ባብዛኛው ከ33 እስከ 38 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ የባሊው ብዙ ጊዜ 40ን ያልፋል፣ ወፍራምም ነው። ይበልጥ የሚለያቸው ገጹ ነው። ባሊዎች ብረቱን አለስልሰው ይወለውሉታል። በጃቫ ግን፣ በተለይ በሱሮ (በጃቫ ዘመን አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር)፣ በሎሚ ጭማቂና በአርሰኒክ ያጥቡታል፤ ተራው ብረት እየተበላ ይጎድጉዳል፣ ኒኬል ያለበት ንብርብር አሲዱን ስለሚቋቋም ከፍ ብሎ ይቀራል። ፓሞር የሚሉት ጌጥ ይህ ነው። ስስ ጓንት አድርገው ጣትዎን ቀስ ብለው ሲያሳልፉበት ሸካራ መስመር ከተሰማዎት ወደ ጃቫ ያዘነብላል። ብርጭቆ ወረቀት የሚያጠፋው ይህንኑ መስመር ነው፤ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ጓንቱ ያስፈለገው አርሰኒኩ ከብረቱ ላይ ሊኖር ስለሚችል ነው።

ጥምዙን ብዙ ሰው ይቆጥራል፤ የቅርጹን ስም እንጂ አገሩን አይነግርም። ቁጥሩ ሁልጊዜ ጎደሎ ነው። ጥንድ ከመጣብዎ ከግርጌ (ከእጀታው አጠገብ) ያለውን ለስላሳ ጥምዝ ዘልለዋል ማለት ነው።

ለቱሪስት ከተሠራ ለመለየት አጉሊ መነጽር ይዘው ጠርዙን ይመልከቱ። በደንብ የተሠራ ብረት መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ የብረት ንብርብር፣ በግራና በቀኙ የፓሞር ንብርብር ይታይበታል፤ መስመሩ ገጹ ላይ አያልቅም፣ እስከ ጠርዙ ይዘልቃል። በአሲድ የተሳለ ጌጥ ግን ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይጠፋል፣ ጠርዙም ወጥ ነው። ከግርጌ ጋንጃ የሚባል ሰፊ ቁራጭ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ለብቻ ተሠርቶ ስለሚገጠም ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር ይኖረዋል። መስመሩ ከሌለ ወዲያው «ሐሰት» አይበሉ፤ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኖ የሚሠራም አለ። የተጫረ መስመር ብቻ ካዩ ግን ይጠርጥሩ።

አሁን አፎቱን ይፈትሹ። የእጅ ባትሪ ይዘው አፉን ይዩ፦ ጋንጃው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ከቅርጹ ጋር መግጠም አለበት። በስንጥር የተሞላ ወይም በቢላ የሰፋ ከሆነ፣ አፎቱ ለሌላ ብረት የተሠራ ነው።

እጀታውን መንቀል የግድ አይደለም፤ ካሰቡበት ግን በጥንቃቄ። ውስጡ የሚገባው ዘንግ ጃቫ ላይ ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ዝገት ካቀጠነው በቀላሉ ይሰበራል። ብረቱን ከግርጌው በወፍራም ጨርቅ ይያዙ፤ እጀታውን በትንሽ በትንሹ ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ይሳቡ። ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ አይነካውም። ጃቫ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የተጠቀለለ ጨርቅ ስለሆነ ይወጣል፤ ሱማትራ ሙጫም ይጠቀማሉ። ካልተነቃነቀ የብረቱን ግርጌ በፀጉር ማድረቂያ ለጥቂት ደቂቃ ሞቅ ያድርጉት። የዝሆን ጥርስ እጀታ ቢሆን ግን ሙቀት ይሰነጥቀዋል። ጉድጓዱ ለዘንጉ በጣም ሰፍቶ በብዙ ጨርቅ ከተሞላ እጀታው በኋላ የመጣ ነው።

«15ኛው ክፍለ ዘመን» የሚለውን ለሻጩ ይመልሱለት። ወበቁና ተደጋጋሚው እጥበት ብረቱን ይበላዋል፤ ያረጀ ብረት ይሳሳል፣ ጠርዙ ይሸራረፋል። ያ ብቻውን ግን ዕድሜ አይሆንም፤ አሲድ አዲሱንም በአጭር ጊዜ ያስረጀዋል።

ዝገቱን ደረቅ በሆነ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፉ፤ ከዚያ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በጥጥ በስሱ ቀብተው ትርፉን ይጥረጉ። ዘይቱ አፎቱ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ፣ እንጨቱ ይጠጣዋል። ብረቱን ከሁለቱም ገጽ፣ ጋንጃውን ከላይ፣ እጀታውን ከአራት ጎን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንስተው በኔዘርላንድስ ላይደን ከተማ ካለው ቬሬልድሙዜየም ከተባለው ሙዚየም ስብስብ ጋር ያስተያዩ።