ሦስተኛው ሲኒ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ደሴ ላይ ወጣቶች የሠሩትን አጭር ቴአትር ከጓደኛዬ ጋር አየሁ። ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ባልና ሚስት ቡና ይጠጣሉ። ሚስትየው ሦስት ሲኒ ትደረድራለች፣ ባልየው አንዱን ይገለብጠዋል፣ እሷ መልሳ ታቃናዋለች። ወሬያቸው ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ዋጋ ነው። መጨረሻ ላይ ሰውየው ራሱ ጀበናውን አንስቶ ሦስተኛው ሲኒ ላይ ቀዳ፣ መብራት ጠፋ፣ አለቀ። ልጃቸው ሞቶ ነው? አረብ አገር ሄዶ ነው? ምንም አልተባለም። ጓደኛዬ ስታለቅስ እኔ «ይኸው ነው?» እያልኩ ወጣሁ። ምን አምልጦኝ ነው?
(ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ምንም አላመለጠህም። ሁሉንም አይተህ ጽፈህልኛል እኮ!

ረጅም ቴአትር ጊዜ አለው፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደበደለ ቁጭ አድርጎ ያስረዳሃል። ባለ አንድ ገቢር ግን፣ ማለትም እንዳየኸው ያለ ባለ አንድ ክፍል አጭር ቴአትር፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ «ምን ደርሶባቸው ነው?» እያልክ ከምትጨነቅ፣ አሁን ዓይንህ ሥር እርስ በርስ ምን እየተደራረጉ እንደሆነ እይ። ባልየው ሲኒውን ሲገለብጥ «ይብቃን» እያላት ነው። እሷ እሺ አላለችም። በኋላ ራሱ ሲቀዳ ወይ ተሸነፈላት፣ ወይ ሐዘኑን አብሯት ሊሸከም ገባ፤ ሁለቱም ያስኬዳል። ልጁ ሞተም ተሰደደም እዚያ ቤት ቡና ሲፈላ የሚጎድለው ሰው ያው ነው።

የአየርላንዱ ጆን ሚሊንግተን ሲንጅ «ወደ ባሕር ጋላቢዎች» የምትል ባለ አንድ ገቢር ተውኔት አለችው፣ እ.ኤ.አ. በ1904 ደብሊን ላይ የታየች። ሞሪያ የምትባል እናት ናት፤ ባሕር ባሏንና ልጆቿን አንድ በአንድ ወስዶባታል። የቀራት አንድ ወንድ ልጅ ፈረስ ሊሸጥ ባሕር ሊሻገር ሲነሳ «አትሂድ» ብላ ትለምነዋለች፣ እምቢ ሲላት ሳትመርቀው ትቀራለች። ስንቅ የሚሆነውን ዳቦም ሳይዝ ወጣ። ሴት ልጆቿ «ቶሎ ድረሽበት፣ ዳቦውንም ስጪው፣ መርቂውም» ብለው መንገድ ላይ ይልኳታል። አገኘችው። እሱ የእግዜርን በረከት ተመኝቶላት አለፈ፤ እሷ ግን ምርቃቱ ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ዳቦውን እንደያዘች ተመለሰች። ቆይቶ የልጁን ሬሳ ይዘው ገቡ።

ባሕር በሌለበት በወሎ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፣ ያለ ምርቃት ከደጅ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። አንድ ቁራሽ ዳቦ እጇ ላይ መቅረቱ ከስንት ሙሾ ይበልጣል!

በሚቀጥለው ፊት ለፊት ተቀመጥ፣ ስልክህን አጥፋ፤ የመጀመሪያዋ ደቂቃ ካለፈችህ አለቀልህ። ከሚናገረው ይልቅ የሚያዳምጠውን ተዋናይ አስተውል፣ እጁን በተለይ።

ደግሞ ሁሉም ዝምታ ጥልቅ ነው ማለቴ አይደለም። ጽፈው ያልጨረሱትን መብራት አጥፍተው የሚያመልጡ ሞልተዋል፣ ጎበዝ! እኔ የምለይበት ቀላል ነው፦ ሲጀመርና ሲያልቅ በሰዎቹ መካከል የተለወጠ ነገር አለ? ከሌለ ትኬትህ ያንገብግብህ። ያየኸው ላይ ግን ሲኒውን የገለበጠው ሰውዬ ነው መጨረሻ ላይ የቀዳው። ልጆቹ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ሌላ ካሳዩ ንገረኝ፣ እኔም እመጣለሁ።