መልስ፦ የአባዶ «የሴቪያው ፀጉር አስተካካይ» ለምን አላሳቀኝም?

ወንድሜ፣ «ሁሉም ኮንዳክተሩ (የኦርኬስትራ መሪው) ክላውዲዮ አባዶ የቀዳውን የሮሲኒን አስቂኝ ኦፔራ ያወድሳል እኔ ግን ደረቅ ሆነብኝ» ላልከው፣ ጆሮህ የድሮዎቹን ቅጂዎች ለምዶ ይሆናል። ድሮ እኮ ዘፋኞቹ ለማሳቅ ሲሉ ያልተጻፈ ነገር ይጨምሩ ነበር፣ ኦርኬስትራውም ሮሲኒ ያላሰበው ጭነት ተጭኖበት ነበር፣ የሙዚቃ አጥኚው አልቤርቶ ዜዳ የሮሲኒን የእጅ ጽሁፍ አገላብጦ ያንን ሁሉ ጠራረገውና አባዶ በ1971 ከለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ሲቀዳ የተጠቀመው ያንን የጠራውን እትም ነው። የኦፔራውን ዋና ሴት ሮዚናን ብቻ ስማት፣ ስንት ዘመን ሶፕራኖዎች (ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሴቶች) ወደ ላይ እየሰቀሉ የዘፈኗትን ዘፋኟ ቤርጋንሳ እንደተጻፈው ወፈር ባለው የሜዞ ድምፅ ስትዘፍናት ሞልቃቃ ልጅ መሆኗ ቀርቶ ነገር የገባት ሴት ትሆናለች።

ሳቁ የት አለ ካልከኝ የሙዚቃ አስተማሪውን የባዚሊዮን የሐሜት ዘፈን ድጋሚ ክፈት፣ በኢርፎን ይሁን። ሐሜት መጀመሪያ እንደ ነፋስ ሽው ይልና መጨረሻው መድፍ ነው የሚለው። ብዙ ኮንዳክተር ድምፁ ሲያድግ ፍጥነቱንም አብሮ ይጨምራል፣ አባዶ ግን ቴምፖውን ጥርስ ነክሶ ይይዘዋል፣ ቫዮሊኖቹ ሹክሹክታ ላይ ሆነው ጭራሽ የማይሰሙ ይመስልሃል፣ ከዛ ቀስ እያለ ቀስ እያለ መድፉ ሲመጣ ከወንበርህ ትዘላለህ። ቀልዱ እዛ ሰዓት አጠባበቁ ላይ ነው እንጂ ዘፋኙ ፊቱን ማጣመሙ ላይ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ፀጉር አስተካካዩን ፊጋሮን የሚዘፍነው ሄርማን ፕሬይ ጀርመን ስለሆነ ጣልያንኛው ለኔ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ሲጫወት ደስ ይላል። ዳይሬክተሩ ፖኔል ከዚሁ ኦፔራ የሰራውን የአባዶ ፊልም ካገኘህ እሱን አስቀድም፣ ፕሬይም ቤርጋንሳም ዘፋኙ አልቫም አሉበት፣ ኦርኬስትራው ግን የሚላኑ ኦፔራ ቤት የላ ስካላ ነው።