ለአጫሾች የለየሁት ክፍል ለምን ተከለከለ?

ጥያቄ፦ በደሴ ፒያሳ አካባቢ ካፌና ምግብ ቤት አለኝ። የከተማችን ብርድ የታወቀ ነው፤ ክረምት ሲገባ ውጭ የሚቀመጥ ደንበኛ የለም። ስለዚህ የኋላውን ክፍል በመስታወት ከልዬ፣ ጭስ የሚያወጣ ቬንትሌተር አስገጥሜ ለሚያጨሱ ለየሁላቸው። ሰሞኑን የመጡ ተቆጣጣሪዎች ግን «አይቻልም» አሉኝ። የማያጨሰው ሰው ካልተረበሸ ጥፋቴ ምንድን ነው? በረንዳውስ ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ ተቆጣጣሪዎቹ ልክ ናቸው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በማንኛውም ቤት ውስጥ ባለ የሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልበት ስፍራ ትምባሆ ማጨስን ሙሉ በሙሉ ስለከለከለ፣ በመስታወት ቢከለልም ባይከለልም የአጫሾች ክፍል አይፈቀድም።

ጠያቂያችን ያሰቡት ለደንበኛው ነው፤ ሕጉ ግን «የሥራ ቦታ» ሲል አስተናጋጁንም ማለቱ ነው። ወደዚያች ክፍል ማኪያቶ ይዞ የሚገባው፣ መተርኮሻ የሚደፋው፣ ማታ ወንበር አንሥቶ የሚጠርገው እርሱ ነው። ደንበኛው አንድ ሰዓት ተቀምጦ ይሄዳል፤ አስተናጋጁ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውላል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጭሱ ወደ ዋናው አዳራሽ ይወጣል፤ ቬንትሌተሩም ሽታውን ቢቀንስ እንጂ በጭሱ ውስጥ ያለውን መርዝ ጠራርጎ አያወጣም።

በረንዳውም አያዋጣዎትም፤ ከሥራ ቦታ በርና መስኮት በ10 ሜትር ክልል ውስጥ ማጨስም የተከለከለ ነውና። ፒያሳን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ከእርስዎ በር 10 ሜትር ሲርቁ የጎረቤት ሱቅ ደጃፍ ላይ ይደርሳሉ። ጓሮ ካለዎት በሜትር ይለኩ፤ ሲለኩ ደግሞ የወጥ ቤቱን መስኮት አይርሱ።

መተርኮሻዎቹን ከጠረጴዛ ላይ ያንሡ፤ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን ጽሑፍም መግቢያው ላይ በሚታይ ቦታ ይለጥፉ። አስተናጋጆችዎ እንግዳው ክብሪት ከመጫሩ በፊት «ጋሼ፣ እዚህ ቤት አይጨስም፤ እስኪመለሱ ቡናዎን አሙቄ እጠብቅዎታለሁ» ብለው በትሕትና እንዲናገሩ ያለማምዷቸው። (የቡናው ዕጣን ይከልከል ይሆን ብለው የጠየቁንም ነበሩ፤ ክልከላው የትምባሆ ነውና ዕጣንዎን ያጭሱ።)

ገበያ ይቀንሳል የሚለው ስጋት አዲስ አይደለም። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ2004 መጠጥ ቤቶቿን ጨምሮ የሥራ ቦታዎችን ከጭስ ነጻ ስታደርግም ተነሥቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2009 የተለያዩ አገሮችን ጥናቶች መርምሮ የምግብና የመጠጥ ቤቶች ገቢ በእንዲህ ዓይነት ሕግ ምክንያት እንዳልቀነሰ ደምድሟል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሚገኝ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። ሠራተኞች ዝናብ ሲሆን የመጫኛው በር ሥር ተጠልለው ያጨሳሉ። ልከልክላቸው እችላለሁ?

መልስ፦ መቻል ብቻ አይደለም፣ ግዴታዎም ነው፤ የ10 ሜትሩ ክልከላ ፋብሪካንም ይመለከታል። የጥጥ ብናኝ ለሚተነፍስ ሠራተኛ ሲጋራ ሲጨመርበት የሳንባ ሕመሙ እንደሚብስ የታወቀ ነው፤ የእሳቱን አደጋ እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቁታል። ሆኖም ዝናብ ላይ አውጥቶ መተው ሰዎቹን ወደ መጸዳጃ ቤት ይሰዳቸዋልና፣ ከበሩም ከጥጥ መጋዘኑም ርቆ አንዲት የቆርቆሮ ዳስ እንዲሠራላቸው አስተዳደሩን ይጠይቁ።