አድራሻው የጠፋ አሸዋ

ባለፈው ሳምንት አዌቱ ድልድይ አጠገብ አንዲት ተማሪ አስቆመችኝ። «ጋሼ፣ እኛ ባሕር የለንም። የባሕር ደለል ተምረን ምን ልናደርገው ነው?» አለችኝ። ቸኩዬ ስለነበር አጭር መልስ ሰጥቻት አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄዋ ለዓመታት በሆዴ ይዤ የኖርኩትን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

በቅድሚያ የሷን ልመልስ። ጅማ ከተማ ላይ የዘነበው ዝናብ በአዌቱ ወደ ጊልጌል ጊቤ፣ ከዚያም በኦሞ አድርጎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። እዚያው ይቀራል። አጋሮን አልፋችሁ በበደሌ መንገድ ዲዴሳ ስትደርሱ ግን ውሃው የዓባይ ነው። ዓባይ ደግሞ የኛን ተራራ እየፋቀ ሜዲትራንያን ወለል ላይ ሲያነጥፍ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ግድብ ደለሉን እስኪያስቀረው ድረስ ማለቴ ነው።

ስለዚህ ባሕር አለን። ከባሕር ወለል በቧንቧ ተቆፍሮ የሚወጣው ጭቃ፣ ታችኛው የቆየ፣ ላይኛው የቅርብ ጊዜ ነው። በየንብርብሩ ያለው የማዕድን ቅንጣት ከየትኛው ድንጋይ እንደተፈለጠ ያሳብቃል። ኦጋይት የሚባለው ጥቁር አረንጓዴ ማዕድን ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደጋችንን ካለበሰው ባዛልት ከሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይመጣል። ዚርኮን በብዛት የሚመጣው ከባዛልቱ ሥር ካለው እንደ ግራናይት ካለ ጥንታዊ ድንጋይ ነው። የአንዱና የሌላው መጠን ከንብርብር ንብርብር ሲለዋወጥ፣ ተራራው መቼና የቱ ጋ እንደተሸረሸረ ፍንጭ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ጆይደስ ሬዞሉሽን የተባለችው መርከብ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ክፍል ቆፍራ ያወጣችው አሸዋ፣ ከሂማሊያ ተነሥቶ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ ነው።

ወጣት ሳለሁ መምህሬ ከዲዴሳ ዳርቻ አሸዋ እንድሰበስብ ላኩኝ። ዘጠኝ ከረጢት ሞላሁ። ቦታውን በቁራጭ ወረቀት ላይ በቢክ እስክሪብቶ ጽፌ እያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ ከተትኩ። ስመለስ የጭነት መኪና ላይ ነበርኩ፤ አጋሮ ሳንደርስ ዶፍ ወረደብን። ማታ አልጋ ቤት በፋኖስ ከረጢቶቹን ፈታኋቸው። የሁለቱ ወረቀት ሰማያዊ ጭቃ ሆኗል። አንዱ ከወንዙ ላይኛው ክፍል፣ ከባዛልቱ አገር ነው። ሌላው ከታች፣ ጥንታዊው ድንጋይ ከሚገለጥበት ነው። የቱ የቱ እንደሆነ ግን ጠፋኝ።

አሸዋውን መዳፌ ላይ ዘርግቼ አየሁት። አንዱ ጠቆር ይላል። ባዛልት ጥቁር ነው ብዬ ጠቆር ባለው ላይ «ላይኛው» ብዬ ጻፍኩ። ተኛሁ።

መምህሬ አሸዋውን ብሮሞፎርም የሚባል ከባድ ፈሳሽ ውስጥ ጨመሩት። ቀላሉ ኳርትዝ ይንሳፈፋል፣ ከባዱ ይዘቅጣል። የዘቀጠውን በማይክሮስኮፕ ብዙ ሰዓት አዩ። «ይሄ ሁሉ ዚርኮን እዚህ ምን ይሠራል?» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር። ከላይ በኩል ያልታወቀ ጥንታዊ ድንጋይ አለ ብለው አሰቡ። ከጀርባቸው ቆሜ ነበር። አፌ ላይ መጣ፣ መልሼ ዋጥኩት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወለጋ ውስጥ ሴቶች በገበቴ ወርቅ ሲያጥቡ ቆሜ አየሁ። እናቴ እህል ስታንገዋልል ትዝ አለችኝ፤ ሰፌዷ ዳሩ የተተለተለ ነበር፣ አሮጌ። ሴቶቹ ገበቴውን ሲያወዛውዙት ነጩ አሸዋ ታጥቦ ሄደ፣ ሥሩ ላይ ጥቁሩ ቀረ። ደነገጥኩ። ወንዝም እንዲሁ ያንገዋልላል! ጎበጥ ባለበት ዳር ከባዱን ጥሎ ቀላሉን ይወስዳል። የኔ ጥቁር ከረጢት ከታችኛው ወንዝ፣ ከባድ ቅንጣት ከተጠራቀመበት ዳር የተዛቀ ነበር። ዚርኮኑም በቦታው ነበር። መምህሬ በዚያን ጊዜ አርፈዋል። ሳልነግራቸው ሄዱ።

የዛሬ ልጆች ወንዝ አትወርዱም። ከሳተላይት ምስል ካርታ ትሠራላችሁ፣ እግራችሁ አይረጥብም፣ ይሄ ያናድደኛል። ደግሞ ሌላ ጊዜ ሳስበው፣ ያን ቀን የናንተ ስልክ ኪሴ ቢኖር ኖሮ ቦታውን እሱ ራሱ ይይዝልኝ ነበር። አንድ ሰላሳ ፎቶ አንሱ፣ አልቆጣም።

ወረቀቱ ግን ይረጥባል። ወንድም ጓደኛም ቢሆን፣ መምህርም ቢሆን፣ «ይሄኛው ከየት እንደሆነ አላውቅም» በሉት። ያን ቀን ሁለቱን ከረጢቶች ብንጥላቸው ሰባት ይቀሩን ነበር።

ለዚያች ልጅ ደውዬላታለሁ። ቅዳሜ በጠዋት መናኸሪያ እንገናኝና ዲዴሳ እንወርዳለን። ገበቴ ከቤት አመጣለሁ፤ ማግኔት በፌስታል ጠቅልዬ ጥቁሩ አሸዋ ዘሎ ሲለጠፍበት አሳያታለሁ። እሷ እርሳስ ትያዝ ብያለሁ። የእርሳስ ጽሕፈት ውሃ አያጥበውም።